ሰው በማይረግጠው ቦታ የተደፋ ውሃ

ዝምተኛ ልጅ ጨዋ ይባላል። እኔም በዚህ ስም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የምነግራችሁ ግን ያ ዝምታዬ ያሳደጉኝን ሰው ሊገድል ስለተቃረበባቸው አራት ቀናት ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ። መምህር አይደለሁም፤ ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአሥረኛ ክፍል ነው። ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ፣ የተሰበረውን መመዝገብና ማይክሮስኮፖቹን በጨርቅ መሸፈን ነበር። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር ግን ተማሪዎች ሲወጡ ብቻዬን እቀራለሁ። ሽፋናቸው የተገነጠለ የባዮሎጂ መጻሕፍት አነባለሁ፤ ያነበብኩትንም በዓይኔ እስካይ ድረስ አላምነውም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ነገር አጥርቼ መሥራት ቻልኩ፤ የሽንኩርት ሥር አዘጋጅቶ ሴል ሲከፈል ማሳየት።

አሠራሩን በደንብ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው። ቀይ ሽንኩርት ወገቡ ላይ ሦስት ስቴኪኒ ይሰካበትና ቂጡ ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጣል። በሁለት በሦስት ቀን ነጫጭ ሥሮች ይወርዳሉ። የሥሩ ጫፍ ተቆርጦ አረቄና አቼቶ ውስጥ ይነከራል፤ በቀጭን አሲድ ይለሰልሳል፤ ፋርማሲ ለአፍ ቁስል በሚሸጠው ሐምራዊ መድኃኒት ይቀለማል። ከዚያ በሁለት ስስ መስታወት መካከል በአውራ ጣት ይጨፈለቃል።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ ክብ ሐምራዊ ነገር ብቻ አለ። አንዳንዶቹ ግን የደረቁት በመከፈል ላይ ሳሉ ነው። በአንዱ ውስጥ ክቡ ነገር ወፋፍራም ክሮች ሆኗል። ክሮሞዞም የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዱ ራሱን ገልብጦ ጥንድ ሆኗል። በሌላው ጥንዶቹ በሴሉ ወገብ ላይ ተሰልፈዋል። በሦስተኛው ጥንዶቹ ተለያይተው ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ጫፍ እየተጎተተ ነው። የሚጎትቷቸው በኛ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። በአራተኛው መካከል ላይ ግድግዳ ተሠርቶ አንዱ ሴል ሁለት ሆኗል። ማይቶሲስ የሚሉት ይህ ነው። የተቆረጠ ጣታችን የሚገጥመው፣ ጸጉራችን የሚያድገው፣ ደማችን የሚተካው በዚሁ መከፈል ነው።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የባዮሎጂ መምህርቷ ለሰኞ እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። ትምህርት ቤቱ ውሃ ስላልነበረው ሁለት ሽንኩርቶች የተከራየሁት ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። ሽንኩርቶቹ ከአንድ መደብ የተገዙ ናቸው፤ ውሃውም ከአንድ ጀሪካን የተቀዳ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካል በመስኮቱ አልፈው ባዩዋቸው ቁጥር «ልጆችህ ደህና አደሩ?» ይሉኛል። እኔ ፈገግ እላለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አያ ደሴ ከዛሪማ መጡ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ሲሞት ሰባት ዓመቴ ነበርና ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት በሪህ አብጦ ቀልቷል። ጫማቸውን ያጠለቁት አፉን በምላጭ ቀደው ነው።

«እግርዎ እንዴት ነው፣ አያ?» አልኳቸው ዱላቸውን እየተቀበልኩ።

«ምነው፣ ሰውየውን ትተህ እግሩን ትጠይቃለህ?» ብለው ሳቁ።

አልጋዬ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከአንገታቸው በክር የተንጠለጠለች የቀይ ጨርቅ ቋጠሮ አወጡ። «መድኃኒት አግኝቻለሁ። የሰባት ጠዋት ነው። ማታ ይዘፈዘፋል፤ እኔን ሰው ሳያናግረኝ ይጠጣል። እቤቴ ብሆን ጎህ ሳይቀድ የማይለፈልፍ የለም። አንተ ዘንድ ግን ከዓመት ዓመት ቃል አይወጣም። ለዚህ ነው የመጣሁት።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«እሱን ተወው። ሰጪው በመስቀል አስምሎኛል። ከአፌ ከወጣ ይሰበራል።»

ተውኩት። መጠየቅ መተው ለኔ ከባድ አልነበረም።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ መሬት ላይ ከዘረጋሁት ፍራሽ ሆኜ አየኋቸው። ተነሥተው አማተቡ፤ ከጣሳው ጠጡ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ አጠገብ ጥቂት ቆሙ። የሚጸልዩ መሰለኝ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ፤ መድኃኒታቸውን እንዳልሰብርባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የሆነውን አልረሳም። አያ ደሴ ያለ ዱላ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። የጣታቸው እብጠት ጎድሏል። «ሸጋ ነው፣ ምስጋናው» አሉኝ። «ዓመት ያላየሁትን እግሬን አየሁት።» እትዬ አስካል ከበራቸው ሆነው «ለኔ ጉልበትስ አይሆንም?» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ከቀትር በፊት ማስመለስ ጀመሩ። ከዚያ ተቅማጡ ተከተለ፤ ከመጸዳጃው ሳይመለሱ ሌላው ይመጣል። «እያጸዳኝ ነው» ይላሉ በደከመ ድምፅ። አሥር ሰዓት ላይ ደግፌ ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሱ እየመዘገበ «የባህል መድኃኒት ምናምን ወስደዋል?» አላቸው።

«ኧረ ምን ወስጄ» አሉ አያ ደሴ። በዚያው ቅጽበት ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

ነርሱ ወደኔ ዞሮ «አንተስ? የሰጣችኋቸው ነገር አለ?» አለኝ።

እኔ ጣሳውን አይቻለሁ። ቋጠሮዋንም አይቻለሁ። የምለው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ወለሉን አየሁ። ነርሱ የተበከለ ምግብ ወይም ውሃ ይሆናል ብሎ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ሰጠንና ወጣን።

እሑድ ትንሽ ሻል ያላቸው መሰለ። «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ። ተኝቼ እቆይሃለሁ» አሉኝ። ሽንኩርቶቹን ከመስኮቱ ሳነሣ ነው የመጀመሪያውን ነገር ያስተዋልኩት። የአንደኛው ብርጭቆ ሥሮች ረዝመዋል፤ ጫፋቸው እንደ መርፌ ቀጥኗል። የሁለተኛው ሥሮች አጥረዋል፤ ጫፋቸውም እንደ ክብሪት ራስ አብጧል። ውሃውም ጠጅ ጠጅ የሚመስል ቀለም ነበረው።

«ያኛው ልጅህ ምን ነካው?» አሉኝ እትዬ አስካል።

«እንጃ» አልኩና ሁለቱንም በካርቶን ይዤ ሄድኩ።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ከፈተልኝ። መጀመሪያ የደህናውን ሽንኩርት ሥር ሠራሁ። ሁሉም እንደወትሮው ነበር፤ የተሰለፈው፣ የሚጎተተው፣ ግድግዳ የሠራው። ከዚያ ያበጠውን ቆርጬ በዚያው አሲድ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ሰዓት ልክ ሠራሁና ዓይኔን አስጠጋሁ።

መከፈል ከጀመሩት ውስጥ አንድም የጨረሰ አልነበረም። ክሮሞዞሞቹ አጥረው፣ ወፍረው፣ ጥንድ እንደሆኑ በየሴሉ ውስጥ እንደ ተበተነ ጭድ ወድቀዋል። ወገብ ላይ የተሰለፈ የለም። ወደ ጫፍ የሚሄድ የለም። የተሠራ ግድግዳ የለም። ሁሉም ጀምሮ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቆሟል።

ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አሲዱን ቀየርኩ። ሌላ ሥር ቆረጥኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ቆረጥኩ፤ ያው ነው። ገመዶቹ የሉም ማለት ነው። ገመዶቹን የሚበጣጥስ ነገር በአንዳንድ ዕፅዋት ሥርና ዘር ውስጥ እንዳለ አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር። ግን እንዴት ከኔ ብርጭቆ ገባ? ሽንኩርቱ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ መስኮቱ አንድ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው ብዬ ከሐሙስ ጀምሮ የሆነውን በየተራ አሰብኩ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። መስኮቱ አጠገብ። ጣሳው በእጃቸው ነበር።

የመድኃኒት ትራፊ ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ይህን በልጅነቴ ያስተማሩኝ ራሳቸው አያ ደሴ ናቸው። የምኖርበት ግቢ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው።

ሽንኩርትና ሰው በሌላ ነገር አይመሳሰሉ ይሆናል፤ በእነዚያ ገመዶች ግን ይመሳሰላሉ። ብርጭቆው ውስጥ የገባው ትራፊው ነው። ዋናውን የጠጡት እሳቸው ናቸው።

ስልኬን አውጥቼ እትዬ አስካል ዘንድ ደወልኩ።

«አያ ደሴ ምን እያደረጉ ነው?»

«አሁን ከእንቅልፋቸው ተነሡ። ያስመለሰኝን ልተካ ብለው ጣሳቸውን አምጪልኝ አሉኝ፤ ከትላንት ማታ ጀምሮ አልጋ ሥር ተዘፍዝፎ ነበር ለካ። ዝም ብዬ ሰጠኋቸው፤ እንዳታናግሪኝ ብለው በእጃቸው ምልክት አሳዩኝ።»

«ጠጡት?»

«እያማተቡ ነው መሰል።»

«እትዬ አስካል፣ ይግቡና ያናግሯቸው።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለጉትን። ሰው ካናገራቸው አይጠጡትም። እስክመጣ ዝም እንዳይሉ። የሞት ጉዳይ ነው።»

በስልኩ ውስጥ በሩ ሲከፈት ተሰማኝ፤ ከዚያም የእትዬ አስካል ድምፅ፦ «አያ ደሴ፣ ለመሆኑ ዛሪማ ዘንድሮ ማሽላው እንዴት ነው?»

የማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ስልኬን ደግኜ የሁለቱንም ሥሮች ፎቶ አነሣሁ። ሽንኩርቶቹን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱን አላስታውስም። የማስታውሰው ካርቶኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ መያዜን ብቻ ነው።

ስገባ አያ ደሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጣሳው ሙሉውን ፊት ለፊታቸው አለ። ፊታቸው አመድ መስሏል። እትዬ አስካል በሩ ላይ ቆመው ስለ እህታቸው ልጅ ሠርግ እየተናገሩ ነበር፤ ሲያዩኝ ትንፋሽ አወጡ።

«ይችን ሴትዮ ማን ነው የላከብኝ?» አሉ አያ ደሴ። «ቀኑን ሰበረችብኝ።»

«እኔ ነኝ። አይጠጡት፣ አያ። እየገደለዎት ነው።»

«እግሬን አላየህም? መድኃኒት ነው። ከሽንኩርት ጋር ስትኖር ቀለልክ እንዴ?»

እስከዚያ ቀን በሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀንም አላደረግኩም። ሁለቱን ሽንኩርቶች አውጥቼ ጣሳው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

«ትራፊውን የት ነው የደፉት?»

«ሰው በማይረግጠው ቦታ። ግቢያችሁ ያልተረገጠ ስንዝር የለውም።»

«የትኛው ላይ?»

በአገጫቸው ወደ ሁለተኛው ጠቆሙ። ከዚያ አዩት። አያ ደሴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሥር ግን ያውቃሉ። ሽንኩርቱን አንሥተው ገለበጡት። ያበጡትን ጫፎች በጠቋሚ ጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። የሌላውንም ዳሰሱ። ተመልሰው ያበጠውን ዳሰሱ።

«ይሄ ሥር ቆሟል» አሉ።

«አዎ።»

«ተሠርቶ አላለቀም።»

«መከፈል አቅቶት ነው። የርስዎ አንጀትም፣ ደምም እንደሱ ነው የሚሠራው።»

ጣሳውን አዩ፤ እኔን አዩ። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ክሩን በጥሰው ቋጠሮዋን መዳፌ ላይ አኖሯት። «እኔ አልተናገርኩም» አሉ። «ያየኸው አንተ ነህ።»

ቋጠሮዋን ስፈታ ባዶ ነበረች ማለት ይቻላል፤ አንዲት የሥር ቁራጭና ጥቂት ዱቄት ብቻ። «የሰባት ጠዋቱ የት አለ?» አልኳቸው።

«ዝናብ ጥሏል። ማሽላዬን ልዝራ ብዬ አፈጠንኩት። ዓርብ የአንድ ጠዋት፣ ትላንት የሦስት። ይሄ» አሉ ወደ ጣሳው እያዩ «የቀረው ሦስት ነው።»

እትዬ አስካል መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሆስፒታል ስንደርስ የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ነበረች። እስከዚያ ቀን ለማላውቀው ሰው ከሦስት ዓረፍተ ነገር በላይ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ከሐሙስ ጀምሬ እስከ ጣሳው ድረስ በሰዓቱ፣ በመጠኑ፣ ሳላቋርጥ ነገርኳት። ቋጠሮዋን ሰጠኋት፤ ፎቶዎቹን አሳየኋት። ስልኬን ተቀብላ ሥዕሉን አሰፋችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ይህን ያዘጋጀው ማነው? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነህ?»

«ዕቃ ጠባቂ ነኝ።»

ሌላ ዶክተር ጠራች። ሁለቱ ቆመው አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «እርግጡን ለማወቅ የሚያስፈልገው ምርመራ እዚህ የለም» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግን ሴል እንዳይከፈል የሚያደርገው መርዝ ነው ብለን እንከታተላቸዋለን። ማርከሻ የለውም። አሁን ሻል ያላቸው ይመስላሉ፤ የሚያስፈራው ከነገ ወዲያ ነው። በየቀኑ የሚከፈሉት ሴሎች ናቸው መጀመሪያ የሚጎዱት፤ አንጀት፣ የደም መሥሪያው መቅኒ፣ ጸጉር። ትላንት ብትነግሩን ጥሩ ነበር።»

ይህን የተናገረችው ለወቀሳ አልነበረም። እኔ ግን እስካሁን ይሰማኛል።

ያለችው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነጭ የደም ሴላቸው ወረደ፤ ድዳቸው ደማ፤ ለብቻ ክፍል አስገቧቸው። ደም ሰጠሁ። በበሩ መስታወት እያየኋቸው የማስበው ያንን ሥዕል ነበር፤ አሁን በመቅኒያቸው ውስጥ ጥንዶቹ ተበታትነው የሚጎትታቸው አጥተው ቆመዋል እያልኩ። ሰው ቁጭ ብሎ እየተነፈሰ ውስጡ ሊቆም እንደሚችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ይህን ማወቅ ያስደነግጣል፤ ድንጋጤውም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን አይደለም፣ በየጠዋቱ ስነቃ አዲስ ነው።

ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ዶክተሯ የደም ውጤቱን ወረቀት ይዛ መጣች። ቁጥሩ ከፍ ማለት ጀምሯል። በዚያው ሰሞን አያ ደሴ እንደ ልማዳቸው ጺማቸውን ሲያሻሹ ጺማቸው በሙሉ እጃቸው ላይ ቀረ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ለኔ አሳዩኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ቅንድባቸውም ሄደ።

«ሚስቴ በር ትዘጋብኛለች» አሉ። ነርሷ ስትስቅ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ መድኃኒት አዋቂውን እንድትጠሉልኝ አልጻፍኩም። እግራቸው በውነት ድኖ ነበር። ሐኪሞች ለሪህ የሚሰጡት አንድ ኪኒን ከዚያው ዓይነት ነገር እንደሆነ፣ ልዩነቱ መጠኑ ብቻ እንደሆነ ዶክተሯ ነግራኛለች። አያ ደሴ የቸኮሉት ሊዘሩ ብለው ነው። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ አልታመምኩምም፤ የማልኩትም ነገር አልነበረም። ነርሱ ሲጠይቀኝ ወለሉን ያየሁት ዝም ማለት ስለሚቀለኝ ነው። ያን ቅዳሜ ጨዋ አልነበርኩም። ቤታችሁ ውስጥ ጣሳ ያያችሁ እንደሆነ፣ የሚጠጣው ሰው እጃችሁን ቢጨብጥም፣ ለሐኪሙ ንገሩት። ሁሌ ሽንኩርት መስኮት ላይ አይገኝም።

ያን ሰኞ ለተማሪዎቹ የደህናውን ሽንኩርት መስታወት መምህርቷ አሳየቻቸው። በሌላ ሳምንት ደግሞ ያበጠውን እኔ እንዳሳያቸው ለመንኳት። ፊታቸው ቆሜ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። አሁን በየዓመቱ እናገራለሁ።

ጥር ላይ ዛሪማ ሄድኩ። አያ ደሴ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምላጭ ይዘው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ። ጺማቸው ተመልሷል፤ ከበፊቱ ይልቅ ነጥቷል። በአሥሩም ጥፍሮቻቸው ላይ አንድ አግዳሚ ስርጓዳ መስመር ወጥቶ ነበር፤ ጥፍሩ ማደግ ያቆመባቸው ቀናት ምልክት ነው። በክረምት ሳየው ሥሩ ላይ ነበር። አሁን ወደ ጫፉ ደርሷል። የመጨረሻውን መስመር ቆረጡና ቁርጥራጩን ሰብስበው መዳፌ ላይ አፈሰሱት።

«ሰው በማይረግጠው ቦታ ድፋልኝ» አሉኝ። «ሽንኩርት ላይ ግን አይሆንም። እሱ ምስጢር አይጠብቅም።»